የደብር ዛፍና የቅኔ ቤት
ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ባሕልና ስለ ጥሞና ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ባሕልና ተፈጥሮ የሚሉት ሁለት ቃላት ብዙ ጊዜ እንደ ተቃራኒ ይነገራሉ። ተፈጥሮ የሰው እጅ ያልነካው፣ ባሕል ደግሞ ሰው በእጁና በአእምሮው የሠራው ነው ይባላል። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ሥልጣኔ የሚለካው ሰው ከዱር በራቀበት መጠን ነው፤ ደኑ ተመንጥሮ ከተማ ይቈረቈራል፣ ወንዙ ተገድቦ መብራት ይበራል። ፕላን የሚነድፍና ሕንፃ የሚያቆም ባለሙያም ይህን አስተሳሰብ መርምሮ ሳይቀበለው ከትምህርት ቤት ጀምሮ ይዞት ይኖራል። ለሥራ የተሰጠው ቦታ በካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ይታየዋል፤ በቦታው ላይ ያለው ዛፍም ከሥራው በፊት መነሣት ያለበት ዕንቅፋት ይመስለዋል።

የአገሩ ቋንቋ ግን ከዚህ የተለየ ምስክርነት ይሰጣል። «ባሕል» የሚለው ቃል የወጣው «ብህለ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ሲሆን፣ ትርጉሙ «አለ፣ ተናገረ» ማለት ነው። ስለዚህ ባሕል ማለት በመሠረቱ ሲባል የኖረ፣ ትውልድ ለትውልድ የነገረው ነገር ነው። ይህ ነገር የተነገረባቸውን ቦታዎች ስም ስንመረምር ደግሞ ወደ ምድሩ እንመለሳለን። «ደብር» በግዕዝ ተራራ ማለት ነው። «ገዳም»ም ከመነኮሳት መኖሪያነቱ በፊት ምድረ በዳ፣ ዱር ማለት ነበር። ዛሬ ደብርና ገዳም ሲባል በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው ሕንፃው፣ ካህናቱና ሥርዓቱ ነው፤ ቃላቱ ግን የሥርዓቱን ስም ከተራራውና ከዱሩ እንደ ተዋሱ ይናገራሉ።

ይህ ንግግር ሰፊውን የባሕልና የተፈጥሮ ጉዳይ በሙሉ ሊዳስስ አይነሣም። አንድ ጉዳይ ብቻ መርጦ ይመለከታል፤ ይኸውም በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አገር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቆመው ደንና በዚያው ጥላ ሥር የኖረው የቅኔ ቤት ትምህርት ነው። ጉዳዩ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ተፈጥሮና የፈጠራ ጥሞና እንዴት እንደሚገናኙ በግልጽ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ይህ ግንኙነት በአሁኑ ጊዜ አደጋ ላይ በመሆኑና አደጋው ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ የዚህ ማኅበር አባላት ሙያ በመሆኑ ነው።

የቅኔ ትምህርት በቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ከንባብና ከዜማ ቀጥሎ፣ ከመጻሕፍት ትርጓሜ በፊት ይገኛል። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ በየራሳቸው የቅኔ ስልት የታወቁ ናቸው። ተማሪው በመጀመሪያ የግሥ እርባታና አገባብ ያጠናል፤ ከዚያም ባለ 2 ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እያደገ ባለ 8 ቤት እስከሆነው መወድስ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ሥርዓቱ እንደማንኛውም የሰዋስው ትምህርት ሊመስል ይችላል። ልዩ የሚያደርገው ግን ተማሪው የሌላውን ሰው ቅኔ በቃሉ በመያዙ ብቻ ቅኔ ዐወቀ የማይባል መሆኑ ነው። ከራሱ አፍልቆ፣ ከዚህ በፊት ያልተባለ ቅኔ ማቅረብ አለበት። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ እንደ አዲስ ተመልሶ አይቀርብም። እንግዲህ ይህ ትምህርት ሰውን በየዕለቱ እንዲፈጥር የሚያስገድድ ትምህርት ነው።

የአሠራሩም ሂደት እንደሚከተለው ነው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ምሥጢሩን ይፈታሉ፤ አገባቡን ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ይበተናሉ። እያንዳንዱ ደበሎውን ተከናንቦ ለብቻው ቦታ ይፈልጋል፤ አንዱ ከወይራ ሥር ይቀመጣል፣ አንዱ ከጽድ ግንድ ይጠጋል፣ ሌላው ከአጥሩ ወጣ ብሎ ከቋጥኝ ሥር ይወሸቃል። ይህ ጊዜ «ቅኔ ቈጠራ» ይባላል። በዚያ ሰዓት ተማሪ ተማሪን አያነጋግርም፤ መንገደኛም ቢያልፍ ዝም ብሎ ያልፋል። ቈጠራው ሲያበቃ «ነገራ» ይከተላል፤ ተማሪው የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃኑለታል። ሊቃውንቱ ለዚህ ሥራ «መጻፍ» ወይም «መድረስ» የሚለውን ቃል ትተው «መቍጠር» የሚለውን መምረጣቸው ልብ ሊባል ይገባል። ቈጣሪ በፊቱ ያለውን ነገር አንድ በአንድ ይመለከታል፤ የሌለውን አይቈጥርም። ቅኔ ቈጣሪውም ከባዶ አይፈጥርም፤ በፊቱ ያለውን ዓለም አንድ በአንድ ያስተውላል።

ተማሪው ከመምህሩ የሚያገኘው ቋንቋውን፣ ሥርዓቱንና ታሪኩን ነው። ሰሙን ግን ራሱ መፈለግ አለበት። ሰም የሚሆነው ደግሞ ሰሚው ሁሉ የሚያውቀው፣ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ነው፤ ገበሬና ማረሻ፣ ንብና አበባ፣ ዛፍና ተቀጽላ፣ ደመናና ጎርፍ። ለምሳሌ ያኽል፣ አንድ ተማሪ ለድኾች መጠጊያ የነበረ ሰው በሞተበት ሰሞን ቅኔ እንዲቈጥር ቢታዘዝ፣ ሐዘኑን በቀጥታ መናገር አይበቃውም። ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ሲመለከት አንድ አሮጌ ዋርካ በነፋስ ተገንድሶ፣ ያደሩበት ወፎች በላዩ እየዞሩ ማረፊያ ሲያጡ ያያል። ያን ጊዜ ነገሩ ይገጥምለታል፤ የወደቀው ዋርካ ሰም፣ የሞተው ሰው ወርቅ ይሆናል፤ ወፎቹም ድኾቹ ይሆናሉ። ምሳሌው እንዲሠራ ተማሪው ወፎቹን በእርግጥ ማየት አለበት። ወፍ ዛፏ ሲወድቅ ወዲያው እንደማትሄድ፣ የነበረበትን አየር እየዞረች እንደምትቆይ ያላየ ሰው ያንን ቅኔ አያገኘውም። እንግዲህ የቅኔው ጥልቀት የሚወሰነው በመመልከቱ ጥልቀት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መመልከት ሲባል በዓይን ማየት ብቻ ነውን? የጐጃሟ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ሥውር ነበሩ፤ ሆኖም ከታወቁት የቅኔ ሊቃውንት መካከል ናቸው፤ ብዙ ተማሪም አስተምረዋል። ከእርሳቸው ሕይወት የምንረዳው ጥሞና የዓይን ሥራ ብቻ አለመሆኑን ነው። የቅጠል ድምፅ፣ የአፈር ሽታ፣ የጥላ ቅዝቃዜ፣ የወፍ የሰዓት አጠባበቅ፣ ይህ ሁሉ ለሚያስተውል ሰው ነገር ይሰጠዋል። ለዚህ ማስተዋል ግን አንድ ነገር የግድ ያስፈልጋል፤ እርሱም ጸጥታ ነው።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረው ትውፊትም ይህንኑ ያጠናክራል። በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም የኖረው ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩንና አጎቱን አባ ጌዴዎንን ሸሽቶ ሲሄድ፣ በመንገድ ላይ ከዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ስትወጣ እየወደቀች፣ እንደገናም እየሞከረች፣ በመጨረሻ በ7ኛው ጊዜ ስትደርስ አየ፤ ተጽናንቶም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ ይባላል። የግዕዝን፣ የዕዝልንና የአራራይን ዜማ የተማረው ከሦስት ወፎች እንደሆነም ትውፊቱ ይጨምራል። ታሪኩን እንደ ተአምር የሚቀበለው አለ፤ እንደ ምሳሌ የሚያነብበውም አለ። በሁለቱም አነጋገር ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ያሬድ አስቀድሞ ተማሪ ሆኖ ትልን ተመለከተ፣ ወፍን አዳመጠ፤ ከዚያ በኋላ ደራሲ ሆነ። በትውፊቱ ውስጥ ከሰው መምህሩ የሸሸውን ልጅ መልሶ ለመምህሩ ያስረከበው ዛፉ ነው።

ተፈጥሮ ለዚህ ባሕል የሰጠው ሐሳብን ብቻ ሳይሆን ቁሳቁስንም ነው። ብራናው የፍየል ቆዳ ነው። ብዕሩ መቃ ነው። ጥቁሩ ቀለም የሚዘጋጀው ከጥላሸት፣ ከተቈላ እህልና ከልዩ ልዩ ቅጠል ነው። የመጽሐፉ ገበታ እንደ ዋንዛና ወይራ ካለ እንጨት ይጠረባል፤ ከበሮውም እንዲሁ ከዋንዛ ግንድ ይቦረቦራል። የቅኔው የሙያ ቃላት እንኳ ከዚሁ የመጡ ናቸው። «ሰምና ወርቅ» የተባለው ስም የተወሰደው ከአንጥረኛው ሥራ ነው፤ አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በሰሙ ቦታም ወርቅ ይፈስሳል። ሰሙን የሠራችው ንብ ናት፤ ንቧን የቀለበው የዱሩ አበባ ነው። ምሥጢሩን በውስጡ የሰወረ ቅኔም «ውስጠ ወይራ» ይባላል። የወይራን እንጨት በመጥረቢያ ያልሞከረ ሰው ስሙን ያጠናዋል እንጂ የስሙን ክብደት አያውቀውም።

የዚህ ማኅበር አባላት በሙያቸው ሊያስተውሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በጐጃምና በጎንደር በብዛት የሚታየው ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው። በመካከል መቅደሱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ ከሁሉ ውጭ ደግሞ ቅኔ ማኅሌቱ ነው። ከቅኔ ማኅሌቱ ደጅ ዐውደ ምሕረቱ ይዘረጋል፤ ከዚያም አልፎ ዛፉ ይጀምራል፤ ከዛፉ በኋላ እርሻው ይከተላል። ይህን አሠራር በወረቀት ላይ የነደፈ ሰው ሕንፃው በግድግዳው ላይ እንዳላበቃ ይገነዘባል። ደኑ ራሱ አንዱ ክበብ ነው። ከእርሻው ተነሥቶ ወደ መቅደሱ የሚሄድ ሰው ከብርሃን ወደ ጥላ፣ ከሁካታ ወደ ጸጥታ ደረጃ በደረጃ ይገባል። ቅኔውም በዚያው መንገድ ይጓዛል፤ በውጭው ክበብ በዛፉ ሥር ይቈጠራል፣ በቅኔ ማኅሌቱ ይቀርባል። ስለሆነም የውጭው ክበብ ቢጠፋ ሕንፃው ሙሉ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ነገር ግን እውነቱን ላለማዛባት ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያው የቅኔ ቤት ሕይወት የተድላ ሕይወት አለመሆኑ ነው። ተማሪው ቍራሽ ለምኖ ያድራል፤ የመንደር ውሻ ያባርረዋል፤ በትንሽ ጎጆ በብርድና በበሽታ ይሠቃያል። ከዛፍ ሥር የሚቀመጠው ሌላ ክፍል ስለሌለውም ጭምር ነው። ደኑም ቢሆን እስከ ዛሬ የቆየው ሕዝቡ ለዛፍ የተለየ ፍቅር ስላለው ብቻ አይደለም። ዛፉ የደብሩ ነው፤ የታቦቱ ክብር ነው፤ ከዚያ የቈረጠ ሰው የሚፈራው ነገር አለ። ደብሩም ለሕንፃው እንጨት፣ ለማገዶ፣ ለልዩ ልዩ አገልግሎት ይጠቀምበታል። በጣና ዳርቻ በዘጌ እንደ ቆየው ልማድ በበሬ ማረስም ሆነ ከብት ማርባት የተከለከለ ሲሆን፣ ሕዝቡ በጥላው ሥር ከሚበቅለው ቡና ሲጠቀም ኖሯል። ስለዚህ የተጠበቀው ደን ከሰው የተለየ ዱር አይደለም፤ ክልከላና ጥቅም፣ ፍርሃትና ፍቅር በአንድነት ያቆዩት ደን ነው። ባሕልና ተፈጥሮ ተቃራኒ አለመሆናቸው በይበልጥ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ያለዚህ ባሕል ያ ደን ባልኖረም ነበር።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የቍጥር ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ምድር በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ከ100 እጅ 40 እጅ ከሚሆን ደን ወደ 3 ወይም 4 እጅ ወረደ የሚል አነጋገር ለብዙ ዓመታት በየስብሰባው ሲደጋገም ቆይቷል። ታሪክ መርማሪዎች ግን ይህ ቍጥር በቂ ማስረጃ እንደሌለው፣ ብዙው የሰሜን ደጋ ከዚያ ቀደም ብሎም የታረሰና የተራቈተ እንደነበረ አሳይተዋል። ይህን ማወቅ የደብሩን ዛፍ ዋጋ አይቀንሰውም፤ ይልቁንም ይጨምርለታል። እርሻው ለረጅም ዘመን በኖረበት አገር መካከል ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱና ጽዱ የቀሩት በአጋጣሚ አይደለም፤ ሰዎች በየትውልዱ እንዲቀሩ በመወሰናቸው ነው።

ዘመናዊው ምርምር ስለ እነዚህ ደኖች ምን ይላል? የደን ሳይንስ ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ አገር በቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የጥናት ጽሑፍ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረዋል። በእነዚህም ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። አብዛኞቹ የአገር በቀል ዕፅዋት ናቸው። በአካባቢው ሌላ ቦታ የማይገኝ ዛፍ በደብሩ አጥር ውስጥ ይገኛል። በሌላ በኩል በአፈሩ ውስጥ ያለውን ዘር በመረመሩ ጊዜ የተገኘው በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው፤ የዛፍ ዘር ጥቂት ነው። የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ከተቈረጡ ደኑ ከአፈሩ ውስጥ ተመልሶ አይነሣም ማለት ነው። ዘሩ ያለው በቆመው ዛፍ ላይ ነው።

ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን እስከ 2015 ከተነሡት ጋር አስተያይተዋል። ያገኙትም ውጤት በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስደስት ነው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች በጦርነት፣ በረሃብና በመንግሥት ለውጥ ሁሉ ውስጥ አልፈው በአብዛኛው ባሉበት ቆይተዋል። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቍጥቋጦ ነው፤ እርሻውና ግጦሹ እስከ ደኑ ጫፍ ደርሷል። ከላይ ለሚያይ ሰው እንግዲህ አረንጓዴው ክብ እንዳለ ነው። ወደ ውስጥ ለሚገባ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከብት በሚገባበት ደን ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ችግኝ የለም፤ የበቀለው ሁሉ ይበላል፣ የቀረው ይረገጣል። ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው ከብት እንዳይገባ አጥረው በሞከሩበት ቦታ ችግኙ በዝቶ ተገኝቷል። ደኑ የሚያረጀው ከላይ ሳይታይ ነው፤ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት፣ ልጅ የሌለበት መንደር ሆኗል።

የቅኔ ቤቱም ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ቅኔ በአብዛኛው በመጽሐፍ አልተከማቸም፤ ያለው በመምህሩ ደረት ውስጥ ነው። ዛፉ ዘሩን በአፈር እንደማያከማች ሁሉ ቅኔውም በወረቀት አልተከማቸም፤ የቆመው መምህር ከወደቀ ከእርሱ ጋር የሚወድቀው ብዙ ነው። ለመምህሩ ተተኪ የሚሆነው ተማሪ ደግሞ ቦታ ያስፈልገዋል።

ዛሬ በደብሩ ቅጽር ውስጥ ያለውን ቦታ የሚያጠቡት ነገሮች ብዙ ናቸው። ከብቱ አንዱ ነው። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአገሩ የተስፋፋው ይህ ዛፍ ቶሎ አድጎ ገንዘብ ስለሚያስገኝ፣ የአገር በቀሉ ዛፍ በተቈረጠበት ቦታ ይተከላል። ሦስተኛው በሲሚንቶ የሚሠራው መቃብር ነው፤ ቀድሞ ሙታን በሣርና በዛፍ ሥር ሲያርፉ መሬቱ ለዛፉ ይቀር ነበር። አራተኛው ሕንፃ ነው፤ የስብሰባ አዳራሽ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ የሚከራይ ሱቅ። አምስተኛው በግንድ ወይም በምሰሶ ላይ የሚሰቀለው የድምፅ ማጉያ ነው፤ ዛፍ አይቈርጥም፣ ነገር ግን ከዛፉ ሥር ያለውን ጸጥታ ይቈርጣል።

ከእነዚህ መካከል አራተኛው የዚህ ማኅበር ጉዳይ ነው። እርግጥ ነው፣ ምእመናኑ አዳራሽ ቢፈልጉ በቂ ምክንያት አላቸው። ልጆቻቸው የሚማሩበት ቦታ፣ ከዝናብ የሚጠለሉበት ጣሪያ፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ያስፈልጋቸዋል። ደብሩም ገቢ ያስፈልገዋል፤ ካህናቱና የቅኔ መምህሩ ራሳቸው የሚኖሩት በዚሁ ገቢ ነው። ስለዚህ «ምንም አትሥሩ» ማለት ከዛፉ ሥር ለማይራብ ሰው ቀላል ምክር ነው። ነገር ግን ሕንፃው ያስፈልጋል ማለት እዚያው ዛፉ በቆመበት ቦታ ላይ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ዛፉ የሚቈረጠው ሌላ ቦታ ጠፍቶ ሳይሆን ማንም ሌላ ቦታ ሳይፈልግ በመቅረቱ ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ መሬቱን ያሳያል፤ ባለሙያው ይለካል፤ ሁለቱም ዛፉን አይቈጥሩም።

ከዚህ የተነሣ ለባለሙያው የሚቀርበው ሐሳብ ረቂቅ አይደለም። በደብር ቅጽር ውስጥ ሥራ የተሰጠው መሐንዲስ ወይም አርክቴክት ፕላን ከመንደፉ አስቀድሞ ዛፎቹን በየስማቸውና በየቦታቸው በካርታው ላይ ያስፍር፤ ስማቸውን የማያውቅ ከሆነ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በዚያው ይገኛሉ። አዲሱ ሕንፃ ቀድሞ በተመነጠረው መሬት ላይ ወይም ከደኑ ወሰን ውጭ እንዲሆን በአማራጭ ፕላን ያሳይ፤ ወጪውንም አስልቶ ያቅርብ። የመቃብር ቦታ ተለይቶ እንዲከለል ይምከር። ቅኔ ቤት ባለበት ደብር መምህሩን ጠይቆ ተማሪዎቹ የሚቈጥሩበትን ወገን ይወቅ፤ የመኪናው መግቢያ፣ የጄኔሬተሩና የድምፅ ማጉያው ቦታ ከዚያ ወገን እንዲርቅ ያድርግ።

አጥርን በሚመለከት ደግሞ ከወዲሁ የተሞከረ ጥሩ ምሳሌ አለ። በደቡብ ጎንደር በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ሕዝቡ ከእርሻው የለቀመውን ድንጋይ ክቦ ደኑን አጥሯል። ካቡ ሲሚንቶ አያስፈልገውም፤ ድንጋዩ ከማሳው ሲነሣ ገበሬው ለማረስ ይቀለዋል፤ ከብቱ ከውጭ ይቀራል፤ ችግኙ ከውስጥ ይበቅላል። አንዳንድ ደብሮችም ካቡን ከደኑ ጫፍ አራቅ አድርገው ሠርተው ለነገው ዛፍ ቦታ ትተዋል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለአንድ የሕንፃ ባለሙያ አዲስ የሚሆን ሳይንስ የለም። ደረቅ ካብ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ ነው። አዲስ የሚሆነው ባለሙያው ክብሩን ከሚያቆመው ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ከሚተወው ቦታም መፈለግ መጀመሩ ነው።

ምናልባት ቅኔ ያለ ዛፍም ይቈጠራል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በከተማም ይቈጠራል፤ ወደፊትም ይቈጠራል። ሰው በልቡ የሚሸከመው ጸጥታ አለውና። ነገር ግን በልቡ የሚሸከመውን በመጀመሪያ ያገኘው ከአንድ ቦታ ነው። ደብረ ኤልያስ በአንድ በኩል ዮፍታሔ ንጉሤን፣ በሌላ በኩል ሐዲስ ዓለማየሁን አስተምራለች፤ አንዱ ወደ ቴአትር፣ ሌላው ወደ ልብ ወለድ ሲሄድ ከቅኔ ቤት የያዙትን አስተያየት ይዘው ሄደዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ አንባቢው በውስጡ ያገኘው የገጠሩን ሰው፣ መሬቱንና የቅኔ ተማሪውን ሕይወት ነበር። አንድ ትውልድ የዝግባን ስም ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ስሙን ይጽፈዋል፤ የጻፈው ግን ከቀድሞ ሰዎች የተዋሰውን ሰም ይሆናል። የተዋሱት ሰም ደግሞ እየተደጋገመ ሲሄድ ወርቁ የማይፈስበት ቅርጽ ይሆናል።

እንግዲህ የደብሩ ዛፍ ጉዳይ የዛፍ ብቻ አይደለም፤ የቅኔም ብቻ አይደለም። ከዛፉ ሥር የተቀመጠው ተማሪ ሥራ የፈታ ይመስላል፤ ከብቱን አይጠብቅም፣ መሬቱን አይቈፍርም፣ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ሆኖም የአገሩ ባሕል፣ ማለትም ትውልድ ለትውልድ ሲለው የኖረው ነገር፣ አዲስ የሚሆነው በዚያች ሰዓት ነው። ሕንፃ ለመሥራት ድንጋይና ሲሚንቶ እንደሚያስፈልግ ሁሉ ለዚያች ሰዓት ደግሞ ጥላና ጸጥታ ያስፈልጋታል። ድንጋይ ቢያልቅ ከሌላ ቦታ ይመጣል። 100 ዓመት የቆየ ጽድ ግን በጨረታ አይገዛም፤ ማንም ሥራ ተቋራጭ በውል ቀን ሊያስረክበው አይችልም። ስለሆነም በደብር ቅጽር ውስጥ ሥራ የሚሰጠው የማኅበሩ አባል ችካሉን ከመትከሉ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ከዛፉ ሥር ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ ከዚያ ሲነሣ የሚነድፈው ፕላን ሌላ መሆኑ አይቀርም።